ሁለተኛው ሐፍረት

ደግሰውን እንግሊዝኛ ያስተማረው ሰው የለም። ከቱሪስት አፍ ለቅሞ፣ ከስልክ ቀድቶ ነው የቻለው። ያሳደጉት እማሆይ ጽጌማርያም ካረፉ ወዲህ ማታ ማታ የሚያወራው ከራሱ ጋር ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። በክርስትና ስሙ ወልደ ኪዳን የሚሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ጓደኞቹ አስጎብኚዎች እንኳ ስሙን አያውቁትም።

ላሊበላ እንግዳ በራቃት ሰሞን፣ እማማ ስሜነሽ የሚባሉ ሴት ከፍላቂት መጥተው ቤተ ማርያም መግቢያ ላይ ጧፍ መሸጥ ጀመሩ። አስጎብኚ ሞልቶ ሳለ ደግሰውን ጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ አፈርኩ በእንግሊዝኛ እንዴት ነው?»

ማስረዳት ነፍሱ ነው። አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«ሁለት ዓይነት ነው፣ እማማ። ሰው ፊት አዳልጦዎት ቢወድቁ ኢምባረስድ ይባላል። ሲጻፍ ሁለት አር፣ ሁለት ኤስ አለው፤ ብዙ ሰው አንዷን አር ይበላታል። ይሄኛው ቀሚስዎን ሲያራግፉ አብሮ ይራገፋል። አሼምድ ግን ማንም ሳያይዎ ቤትዎ ድረስ የሚከተልዎ ነው።»

«ሁለተኛውን ስጠኝ።»

«ለማን ሊሉት ነው?»

«ትቼው ለሄድኩት ልጅ። ባማርኛማ አይሆንልኝም።»

ገባው። ለፈረንጅ የተሰጠ ልጅ ነው፤ አማርኛ ከየት ያመጣል።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ። በጧፍ ካርቶን ላይ ፊደሎቹን በከሰል ይጽፍላቸዋል፤ እሳቸው ሰም በያዘው ጣታቸው ይከተላሉ። ሲመጣ ከሩቅ ያዩታል፣ ሲሄድ ቆሎ ይዘግኑለታል። እሱም ማታ አልጋው ላይ ሆኖ፣ እንዲህ የሚጠብቁት ልጅ ታድሎ፣ ይላል።

አንድ ጠዋት ከአየር ማረፊያ የመጣ ሚኒባስ አንድ ወጣት አወረደ። መልኩ የላስታ ልጅ፣ አማርኛው ግን ከሰላምታ አያልፍም። ደግሰው ሮጠ።

«እማማ፣ ይነሱ። መጣልዎ።»

ወጣቱ ጧፍ ገዛ፣ በእንግሊዝኛ አመሰገነ፣ ወደ ውስጥ ዘለቀ። እማማ ስሜነሽ የቀሩትን ጧፎች መልሰው ደረደሩ።

«ምነው ዝም አሉ? ያን ሁሉ ጊዜ የተማሩት ለዚህ አይደል?» ድምፁ ሻከረ። «እኔ ብሆን እኮ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን እሰማ ነበር።»

እማማ ስሜነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ወጣቱ የሄደበትን አላዩም።

«ወልደ ኪዳን፣» አሉት፣ «አይ አም አሼምድ።»