ያልተቀዱት አርባ ዐረፍተ ነገሮች

የቪዲዮ ጨዋታው የመጀመሪያ ክፍል በጣም ስለተወደደ ሁለተኛው ክፍል ሳያልቅ ለገበያ ወጣ። «አልቋል» ብሎ የፈረመው የፕሮግራም ሠሪዎቹ አለቃ ነው። በጨዋታው ውስጥ ላለችው አዋላጅ ድምፅዋን የሰጠችው ደግሞ ታላቅ እህቱ ነበረች። ገና ብዙ የሚቀዱ ዐረፍተ ነገሮች ሲቀሩ ሳል ያዛት።

«ወንድም ዓለም፣ ደረቴ አልተመቸኝም። ትንሽ ልረፍና እጨርስልሃለሁ» አለችው።

«እትዬ፣ ይህችን ሳምንት ብቻ እንደምንም ቻይልኝ።»

ቻለችለት። በሳምንቱ መጨረሻ፣ አርባ ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ሲቀሯት፣ ሆስፒታል ገባች፤ በሕይወት አልወጣችም።

አዋላጇ አርባ ቦታ ላይ አፏን ብቻ እያንቀሳቀሰች ተሸጠች። ተጫዋቾች በየቀኑ ቅሬታ ይጽፋሉ፤ እሱም እያንዳንዱን እንደ እርግማን ያነበዋል። በሦስተኛው ሳምንት ቅሬታው ድንገት ቆመ።

ድምፅ ቀጂውን ጠርቶ «የእህቴን ቦታ በማን ሞላኸው?» አለው።

«እኔ? አንተ የሞላኸው መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገና ጨዋታውን ከፈተ። አዋላጇ የቀሩትን አርባዎቹን አንዲት ቃል ሳትስት ተናገረች። የእህቱ ድምፅ ነው፤ በየመሀሉ ሳሉም አለ። ለማጥፋት አልደፈረም። አርባኛው ሲያልቅ ማንም ያልጻፈላትን ጨመረች።

«ወንድም ዓለም፣ ይኸው ጨረስኩልህ። አሁን ልሂድ?»

ከሥሯ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ተጫዋቹ የሚመርጣቸው መልሶች ወጡ። ሁለት ነበሩ። ሁለቱም «ገና ነሽ» ይላሉ።