የተሰረዘው አንባቢ

ቡሬ ከተማ ለምታስተምረው ለዓይነ ስውሯ ሳቢሃ ጽሑፍ የሚያነብላት በነፃ የሚታደል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። ዛሬ ረፋድ ላይ አፕዴት ሲደረግ ግን ለዓመታት የለመደችው የአማርኛ ድምፅ ድራሹ ጠፋ።

«አርጅቷል፣ ተጠቃሚም የለውም ብለው አውጥተውታል» አላት ወንድሟ ሰዓድ፣ የፕሮግራሙን ሠሪዎች ማስታወቂያ አንብቦ።

«እኔስ ሰው አይደለሁም? ይህ የፕሮግራሙ እትም አስተማማኝ ነው፣ ምንም አይቀየርም ብለው አልነበር?» ጠረጴዛውን በጥፊ አለችው።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ? ጨርሰው ሰርዘውታል።»

«እንግዲያውስ ኮምፒውተሩን አጥፋልኝ! ምን ያደርግልኛል!»

ሰዓድ ገመዱን ነቀለ። ባትሪውንም አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላትና እጇን ያዘ።

ያኔ የተሰረዘው ድምፅ፣ ጽሑፍ ሲያነብላት እንደኖረው ዝግ ብሎ፣ ከጠፋው ኮምፒውተር ውስጥ ተናገረ።

«ሳቢሃ፣ እጅሽን የያዘው ሰዓድ አይደለም።»