የጓደኛዋ ዘጠና ስምንት

ሦስተኛውንም ጥያቄ ሳተችው። ታብሌቱ አልተቆጣትም፤ እንደ ልማዱ በትህትና «በእርስዎ ደረጃ ያሉ ባለሙያዎችም አንዳንዴ ይሳሳታሉ» ብሎ ወደሚቀጥለው አሻገራት። የሚቀጥለው ከዚህኛው የባሰ ነበር።

ነርሷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ሚዛኑ፣ ትንሿ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው ቢጫ ዳክዬ፣ የሕፃናት ክፍሉ እንዳለ ከነገ ጀምሮ የእሷ ነው። አሥራ አራት ዓመት የአዋቂ ቁስል ስታጥብና ስታሽግ ኖራለች። አዋቂ ቢያንስ «እዚህ ጋ» ይላል። ነገ ጠዋት ግን አፉን ያልፈታ በሽተኛ ታቅፈው ይመጡባታል። የራሷን ሁለት ልጆች ማሳደጓ አላጽናናትም፤ እነሱንም ቢሆን በፍርሃት ነው ያሳደገቻቸው።

ታብሌቱ ላይ ያለው ሥልጠና ጥፋት የለበትም። የሰው አቅም እያየ የሚሄድ ነው፤ መጀመሪያ ይፈትናል፣ የሚታወቀውን ይዘላል፣ የማይታወቀውን ያስተምራል። የመጀመሪያውን ፈተና የተፈተነችው ግን እሷ አልነበረችም። የዚህ ክፍል ነርስ የነበረችው ጓደኛዋ «አምጪው ባክሽ፣ አንቺ ይሄን አንብበሽ እስክትጨርሺ ይመሻል» ብላ ነጠቀቻት። ዳቦዋን እያኘከች በሩብ ሰዓት ውስጥ ዘጠና ስምንት አመጣችላት። ሁለቱም ሳቁ። ሥልጠናው አመነ፤ መሠረቱን ሁሉ ዘለለላት። በሳምንቱ ጓደኛዋ ተዛወረች።

ስልኳን አንሥታ ደወለች።

«አለሽ እንዴ አንቺ?» አለች ጓደኛዋ። ከኋላዋ ሰዎች ይሳሳቃሉ።

«አልገባኝም እኮ። ከመሃል ነው የሚጀምርብኝ።»

«አታካብጂ። ዝም ብለሽ ረጅሙን መልስ ምረጪ፤ ሁሌ እሱ ነው ልክ የሚሆነው።»

«ልጅ ይዘው ሲመጡብኝስ?»

«ትደውይልኛለሻ።» ከዚያ ወዲያ ላሉት «መጣሁ፣ መጣሁ፤ ቦታ ያዙልኝ» አለቻቸው። «እናቴ፣ በኋላ ልደውልልሽ?»

«እሺ» አለች። ባለፈው ሳምንትም «በኋላ» ነበር የተባለችው።

ከገጹ ግርጌ «ከመጀመሪያው ልጀምር» የሚል ቦታ አለ። ነካችው። «ውጤትዎ ከፍተኛ ስለሆነ ለመመለስ የኃላፊዎ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

ኃላፊው የነገውን የተረኞች ዝርዝር ይዞ በሩ ላይ ብቅ ያለው ጽሑፉን ደግማ እያነበበች ሳለ ነው።

«እንዴት ናት የኛ ዘጠና ስምንት» አላት። ከፈተናው ወዲህ ስሟ ይኸው ሆኗል።

«ጋሼ» ብላ ተነሣች። «ያ ውጤት የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ገብቶታል፤ ፊቱ ይናገራል። ግን ከአፏ መስማት ፈለገ። ጓደኛዋ አዲሱን ቦታ ያገኘችው በዚህ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ነርሷ ደግሞ በሥራ ቦታዋ ከጓደኛዋ ሌላ ምሳ አብሯት የሚበላ ሰው አልነበራትም።

«የሷ ነው።»

ኃላፊው ዝርዝሩን አጠፈው። «ሪፖርት መጻፍ አለብኝ። ስለ አንቺም፣ ስለ እሷም።»

«አውቃለሁ።»

«ትቀየምሻለች።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ነገስ እዚህ ማን ይግባ?»

«የሚያውቅ ሰው። እኔ ከአጠገቡ እቆማለሁ።»

ኃላፊው ታብሌቱን ወደ ራሱ አዙሮ የፈቃድ ቁጥሩን አስገባና በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። እርምጃው ኮሪደሩ ላይ እየራቀ ሄደ።

ገጹ ነጣ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ትምህርት ተከፈተ። በተንቀሳቃሽ ሥዕል አንድ ሕፃን በጀርባው ተኝቷል፤ ሸሚዙ እስከ ደረቱ ተገልጧል። «ሕፃኑ እንዳለ ሳይረበሽ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይቁጠሩ» ይላል ጽሑፉ። ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ ፊቱ የማይታይ የአንድ ሰው እጅ ገብቶ የሕፃኑን እግር ይዟል።

ወደ ታብሌቱ ጎንበስ አለች።

«አንድ» አለች፣ ድምፅ አውጥታ። ትንሹ ሆድ ወረደ፤ ተመልሶ ተነሣ። «ሁለት።»

ያ እጅ እግሩን እንደያዘ ነው።