የጀሪካኑ ወረቀት

ቅድስት ወረቀቱን ሁለተኛ ጊዜ አነበበችው። አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ነው፤ ከታች ክብ ማኅተም አለው። መሃል ላይ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ጀሪካኑ ከተሰበሰበ ፕላስቲክ ዳግም የተሠራ ነው፤ ለፈሳሽ ሳሙናና ለቀለም መያዣነት ተፈትኖ አልፏል። ስለ ምግብ አንድም ቃል የለም።

ፊት ለፊቷ የነገሌ ወተት ሻጭ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ሁሉም በኦሮምኛ የአክብሮት ጥሪ አዴ የሚሏቸው ጠይባ ቆመዋል። በመጋዘኑ ወለል ላይ ሁለት መቶ ነጫጭ ጀሪካኖች የግመል ወተት ተሞልተው ተደርድረዋል። በር ላይ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ወተቱ ዶሎ ኦዶ ላሉ የስደተኛ ልጆች የሚሄድ ነው። ማሸጊያው ለምግብ ደህና ነው ብሎ የጤና ባለሙያ ካልፈረመ ግን ተቀባዩ ድርጅት አይረከብም። ባለሙያዋ ቅድስት ናት።

ባለፈው ወር፣ ጀሪካኖቹ ሳይገዙ፣ አዴ ጠይባ ይህንኑ ወረቀት ይዘው ቢሮዋ መጥተው ነበር። ስብሰባ ረፍዶባት ስትጣደፍ ማኅተሙን ብቻ አይታ፣ ጥሩ ነው፣ ግዙ አለቻቸው።

አሁን ወረቀቱ የሚለውን በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። ሴትዮዋ ስለ ጥፋት አልጠየቋትም።

«መርዝ አለው?» አሏት።

«አላውቅም፣ አዴ።»

«ታዲያ ደህና ነው?»

«እሱንም አላውቅም። ፕላስቲኩ በፊት ምን ይዞ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ምርመራው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል።»

አዴ ጠይባ አንዱን ጀሪካን ከፍተው አሸተቱና አቀበሏት። ከወተት በቀር ምንም አይሸትም።

«ልጄ፣ የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን እያጠብን ወተት ስንሸጥ ስንት ዓመት ኖርን። ያኔ ማንም አልከለከለንም። ይህን የገዛነው እንዲሻል ብለን ነው።»

ቅድስት ኃላፊዋ ጋ ደወለች፤ የሚጻፈው ያንቺ ስም ነው፣ ራስሽ ወስኚ አላት። ሌላ ዕቃ ፍለጋ ገበያ ደወለች፤ ያለው ያገለገለ የዘይት ጀሪካን ብቻ ነው። እስክሪብቶዋን አወጣች። ስሟ የሚሰፍርበትን ክፍት ቦታ አየችው፤ የማታውቃቸው ልጆች ኩባያ ይዘው ታዩዋት። እስክሪብቶዋን መልሳ ከተተች።

ዱባ የሚባለው ሹፌር ገብቶ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አያቸው። ጫነም አልጫነም ሳይመሽ መድረስ እንዳለበት ዝግ ብሎ ተናገረ። ጥቂት ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ወጥቶ የመኪናውን የኋላ በር ዘጋ። ባዶውን ሄደ።

አቧራው ሳይበርድ ሰንበቴ የምትባል የማኅበሩ አባል ጀርባዋ ላይ ጀሪካን አዝላ ከሊበን ገጠር በኩል ብቅ አለች። ከንጋት ጀምሮ በእግሯ ነው የመጣችው። አካም፣ ናጋ ብለው ሰላምታ ተለዋወጡ። አንዷ ግመሏ ጠፍታባት እንደዘገየች ተናገረች፤ ይቅርታም ጠየቀች። ከዚያ ግቢውን ቃኝታ፣ መኪናው ገና አልመጣም እንዴ ብላ ጠየቀች።

አዴ ጠይባ የማዘያውን ገመድ ከትከሻዋ ላይ ይፈቱላት ጀመር። ቅድስት ሸክሙን ከሥር በሁለት እጇ ተቀበለችው። ጀሪካኑ ገና ሞቅ ያለ ነበር።