የቬርና ቆጠራ

ወይዘሮ ቬርና ቴሌስኮፑ ላይ ካጎነበሱ ሩብ ሰዓት አለፋቸው። የፀሐይን ጥቁር ነጥቦች ለመቁጠር ሦስት ደቂቃ ይበቃቸው ነበር። ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው ሲያዩ “እንቁላል ታቅፈህ ነው እንዴ?” እያሉ የሚቀልዱት ራሳቸው ናቸው።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሰባት ጎብኚዎች ተሰልፈዋል። ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ የአሜሪካዋ አዮዋ ሰማይ ብጣሽ ደመና የለውም። የሥነ ፈለክ ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይን በማጣሪያ ለሕዝብ ያሳያል። ከሕዝቡ በፊት ግን እኔና ቬርና እንቆጥራለን።

ሕጉ አንድ ነው። ሰው ለብቻው ይቆጥራል፣ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ይገለብጣል። የሌላውን ቁጥር ቀድሞ መስማት ነውር ነው፤ ዓይን የተነገረውን ማየት ይወዳልና። ክበቡ ውስጥ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ከአፌ አምልጦኝ “ዘጠኝ!” ብል፣ የሁለታችንንም ወረቀት ቀደው ጣሉት፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ከዚያች ቀን በቀር፣ ፀሐይ በታየችበት ዕለት ሁሉ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጠራቸውን የፀሐይ ነጥቦችን ለሚመዘግበው ማዕከል ሳይልኩ ቀርተው አያውቁም። ባላቸው የተቀበሩ ዕለት እንኳ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆጥረዋል።

“ግሌን፣” አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ በሹክሹክታ። “ስንት አገኘህ?”

ክው አልኩ። ይህን ይጠይቃል ብዬ የማልጠረጥረው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ባለፈው ወር ቡና ከኩባያው ውጭ ሲቀዱ አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። አሁን ግን አንጀቴን በሉት። ሕግ ገደል ይግባ አልኩና ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አልኩ።

“አሥራ አንድ።”

ቀና ብለው የራሳቸውን ወረቀት ገለበጡት። ቁጥሩ አስቀድሞ ተጽፎ ቀለሙ ደርቋል። አራት ይላል።

“ቁጥርህን ልሰርቅ መስሎህ ነበር አይደል?” አሉ። “እንዴት ብትንቀኝ ነው!”

“ኧረ እኔ…”

“ዶክተሩ በመቶኛ ነው የሚነግረኝ። እይታዎ ይሄን ያህል በመቶ ቀነሰ ይለኛል። እኔ መቶኛ ምን ያደርግልኛል? ስንት ነጥብ እንደሄደብኝ ነው ማወቅ የፈለግሁት።” አራቱን ከአሥራ አንዱ ቀነሱና “ሰባት፣” አሉ።

“ጭጋግ ነበረ ብለው ይጻፉበት፣” አልኩ እንደ ሞኝ።

“አንተ ቀጣፊ! እስቲ ቀና በልና ጭጋጉን አሳየኝ።”

የአየር ሁኔታ በሚሞላበት ቦታ ላይ “ሰማዩ ጥሩ፣ ዓይኑ ደካማ” ብለው ጻፉ። ሥሩም “የመጨረሻ ቆጠራ” የሚል ጨመሩ።

ወደ ሰልፉ ዞሩ። ከፊት የቆመው የሥራ ቱታ የለበሰ ግዙፍ ሰው ነው።

“ና ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ጎንበስ በል። ያየኸውን ጮክ ብለህ ቁጠርልኝ። አትቸኩል።”

ሰውየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተጠጋ። “ጥቁር ነገር አለ… እሱ ነው?”

“እሱ ነው።”

“እሺ፣ አንድ። ከጎኑ ሁለት፣ ሦስት። ወረድ ብሎ አራት።”

ቬርና በእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እነዚህን አይተዋቸዋል።

“ዳር ላይ ደግሞ ጥቃቅን አሉ፣” አለ ሰውየው። “አምስት።”

ቬርና እጅጌዬን ጨምድደው ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“በየት በኩል?” አሉት።