አፍንጫዋን ለቀበሮ ያዋሰች

ደብሪቱ አፍንጫዋን ለቀይ ቀበሮ ካዋሰች ሰባት ወሯ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ በሰው እጅ አድጋ ወደ ጓሳው ሣር የተለቀቀችን ቀበሮ በበጎ ፈቃድ የሚከታተል ሰው፣ ዓመት ሙሉ የሚያሸተው እሷ የምታሸተውን ብቻ ነው። ቀበሮዋ ወደ ሰው ቤት መመላለስ ከለመደች ግን ተይዛ ዕድሜ ልኳን አጥር ውስጥ ትቀራለች።

«ወጡ አረረ እኮ!» አሉ እናቷ ወይዘሮ አልጣሽ ድስቱን እያወጡ። «አፍንጫሽ ፍልፈል ሲያሳድድ እኛ በረሃብ እንለቅ?»

«ከዚህ ወጥ ፍልፈሉ ይሻላል፣ እማዬ። ቀምሼው ባላውቅም አሽትቼዋለሁ።»

ወይዘሮ አልጣሽ እየሳቁ ያረረውን ሊደፉ ወደ ጓሮ ወጡ። ወዲያው ደብሪቱን አንድ ነገር አወዳት። ጸጉር ላይ የሰነበተ ቅቤ፣ ጭስ የጠጣ የሱፍ ባና። የእናቷ ጠረን! ሰባት ወር የናፈቃት ጠረን ነውና ዓይኗን ጨፍና ሳበችው።

ከዚያ ነገሩ ገባትና ወደ ጓሮ ሮጠች። በጡጦ ያሳደገቻት ቀበሮ ዳማ ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ጭራዋን ትወዘውዛለች።

«ናፍቀናት ነው የኔ እናት! ትንሽ ላቅምሳት?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

«እንዳትሞክሪው!»

ደብሪቱ ድንጋይ አነሳች። አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የእናቷን ጠረን በረዥሙ ሳበችና ወረወረች። ድንጋዩ ዳማ አጠገብ አረፈ። ሁለተኛው ጎኗን መታት፤ ጮኻ ሸሸች።

«አንቺ አረመኔ!» አሉ እናቷ።

ደብሪቱ የእናቷ ጠረን እየሳሳ፣ እየራቀ ሄዶ የሣርና የነፋስ ሽታ ብቻ እስኪሆን ድረስ ከእናቷ ጎን ቆማ አሸተተች።