የንጉሡ ነጠላ ጫማ

እናቷን ከቀበረች ወር ያልሞላት ዌኒንግ ለኮምፒውተር ጨዋታው የሣለችውን ጨካኝ ንጉሥ ከአንዲት ጎጆ ደጃፍ አቆመችው። ንጉሡ ችቦውን እንደያዘ ጎንበስ አለና ነጠላ ጫማውን አወለቀ።

እንደ አገሩ ልማድ ጫማውን ደጅ አውልቆ ከኋላዋ ባዶ እግሩን የቆመው አለቃዋ ማስ ሴኖ ሳቁን ለቀቀው። «አንቺ ልጅ፣ ቤት ሊያቃጥል የመጣ ሰው ጫማ ያወልቃል? መሳቂያ ልታደርጊን ነው! ይህን ቦታ ቁረጪው።»

«አልቆርጠውም፣ ማስ ሴኖ። የእናቱ ቤት ነው። በወረርሽኙ ሞታ ውስጥ ተኝታለች፤ ካላቃጠለው መንደሩ ያልቃል። ሕዝቡ አውሬ ይበለው፤ እሷ ግን በጫማ ግባ ብላ አላሳደገችውም።»

«ሲወጣስ ያጠልቀዋል?»

ዌኒንግ ምስሉን አስኬደችው። ንጉሡ ከጭሱ ወጥቶ በባዶ እግሩ ሄደ። ደጃፉ ላይ ከትልቁ ጫማው ራቅ ብሎ ትንሽ የሴት ጫማ ነበር።

አለቃዋ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑ ላይ ትንሹን ጫማ በጣቱ ነካ። «ወደ እሱ ጫማ ጠጋ አድርጊለት» አለ።